ባለቤቴ አንዴ ብቻ የተጠየቀ ዕለት

ባለቤቴ እምቢ ያለው ሥራውን ስላልፈለገው አልነበረም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ፈረንጅ ሁሉ እንዳልፈለገው አምኖ ነው የሄደው። ፈልጎታል። እኔን ሲፈልግ እንኳ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም፤ ለእኔስ ሽማግሌ የላከው እህቶቹ ጎትጉተውት ነው።

ያኔ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኤርፖርት አጠገብ ባለው የታክሲዎች መጠበቂያ ተሰልፎ ውሎ፣ ከሰው ጋር ካርታ ተጫውቶ፣ አንድ ሁለት መንገደኛ አድርሶ ይመለሳል። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከመጡ ወዲህ ሥራው መቀመጥ ሆነ። «ዛሬ እንዴት ነበር?» ስለው «ደክሞኛል» ይለኛል። መንዳት አይደለም ያደከመው፣ አለመንዳቱ ነው።

በዚያው ሰሞን እዚህ አሜሪካ የአበሻ ሰፈር የሆነውን ፌርፋክስን የትራክ ወሬ ሞላው። አንዱ ሄዶ ትራክ ነዳና ቤት ገዛ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ የለም። የኛ ሰው መቼም አንዱ የቀናውን ካየ ሁሉም በዚያው በር ካልገባሁ ይላል። መጀመሪያ ሁሉም ፓርኪንግ፣ ቀጥሎ ሁሉም ታክሲ፣ ቀጥሎ ሴቱ ሁሉ አረጋውያን መንከባከብ፣ አሁን ደግሞ ትራክ። እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ውስጥ የምንገናኝ ሴቶች ሰላምታችን ተቀየረ። «ያንቺው የት ደረሰ?» «ኦሃዮ። ያንቺውስ?» «ቴክሳስ በረዶ ይዞት ቆሟል።» ባል ሳይሆን ጭነት የላክን ነበር የምንመስለው።

እኔ ደግሞ አንዴ ጠብቄዋለሁ። እሱ ቀድሞኝ አሜሪካ ሲገባ፣ ወረቀቴ እስኪያልቅ አዲስ አበባ ዓመታት ቁጭ ብዬ በስልክ ነው የተዳርኩት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትራክ የሚለውን ቃል ከአፉ ገና ሳያወጣው ቁርጡን ነገርኩት፤ «ሁለተኛ አልጠብቅህም። ልጅ አልሰጠንም፣ ያለኸኝ አንተ ነህ። የፈለግከውን ሥራ፣ ማታ ግን ቤትህ ግባ።» አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ። እሱም «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሌላ ነገር እንፈልጋለን» አለኝ። ሌላ ነገር ግን ከየት ይመጣል? ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል።

ማስታወቂያውን ያየሁት እዚያው ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው፤ «የሚከራይ ክፍል» እና «አስጠኚ እንፈልጋለን» ከሚሉት መካከል። ሃውቶርን በምትባለው ጎረቤት ከተማ የማታ ትምህርት፣ የአውሮፕላን ዕቃ በሚሠሩ ትንንሽ ፋብሪካዎች ለመቀጠር የሚያበቃ፣ በነፃ ይላል። አንስቼ አመጣሁለት። አየት አድርጎ ወደ ግድግዳችን ጠቆመኝ። እዚያ የተሰቀለው ሰርተፍኬት የፋክስ ማሽን ጥገና ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት «በዚህ ሙያ ሥራ አታጣም» ብሎ ያስተማረው ነው፤ ሲመረቅ ፋክስ ራሱ ሊሞት ያጣጥር ነበር። እስከ ዛሬ አንድም ፋክስ አልጠገነም። «ደግሞ ሌላ ፍሬም ልግዛ?» አለኝ።

ይሄኛው ግን የተለየ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ደርሶ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ነው ያወራኝ። አስተማሪዋ እንደነገረቻቸው፣ ትምህርቱን ያወጡት በመጀመሪያ ባለፋብሪካዎቹን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው «ምን ዓይነት ሰው ቸገራችሁ?» ብለው ጠይቀው ነው። ምን ዓይነት ማሽን እንዳላቸው፣ ሠራተኛው ምን ያህል ስስ ነገር መለካት እንዳለበት፣ የትኛው ሥራ ላይ ሰው እንደሚያንሳቸው፣ አንድ በአንድ። የተማሩት ለእነዚያ ፋብሪካዎች ልክ ሆኖ የተሰፋ ትምህርት ነበር። ከተጠየቁት ውስጥ አንደኛው ባለፋብሪካ መልሱ አጭር ነበር አሉ፤ «ሌላውን እኔ አሳየዋለሁ፣ ብቻ ሥራውን የሚፈልግ ሰው ስጡኝ።» ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። «እኔን ነው የሚፈልገው ማለት ነው» አለኝ።

ሥራው ማሽኑ ቆርጦ የሚያወጣውን ብረት ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ትንሽ ስለት ከቀረ ብረቱ ይጣላል፣ ሞረዱ ትንሽ ከበዛም ይጣላል። እጁ ወደደው። ቤት ውስጥ መከራዬን አየሁ፤ ያገኘውን ነገር ሁሉ በአውራ ጣቱ ጠርዙን መዳሰስ ሆነ ሥራው። የድስቴን ክዳን አንስቶ «ይሄ አያልፍም» ይለኛል። «ወጡ ይለፍ እንጂ በክዳኑ ምን አገባህ!» እለዋለሁ። እየሳቀ ይሄዳል። ስንት ዓመት ሳይስቅ እንደቆየ ያወቅኩት ያኔ መሳቅ ሲጀምር ነው።

አብሮት የሚማር አንድ ጓደኛ ነበረው፤ እሱም ታክሲ ነጂ፣ በዕድሜ በጣም የሚያንሰው፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ትሑት ሰው። ከኤርፖርት እስከ ሃውቶርን ቅርብ ስለሆነ፣ ሰልፉን ትተው በአንድ መኪና ይሄዳሉ። «ጋሼ» ይለዋል። በር ላይ ሲደርሱ «ጋሼ ይቅደም»፣ «አይ አንተ ግባ»፣ «እረ እንዴት ተደርጎ» እየተባባሉ ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ያለው ተማሪ ሁሉ እስኪገላግሉት ይጠብቃል። አስተማሪዋ በኋላ እንደነገረችኝ ክፍሉ በዚህ ይስቅ ነበር። ጨዋታ ነበር የመሰላቸው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቤተሰብ ተጋበዘ። አምባሻና ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ። ከባለፋብሪካዎቹም የተወሰኑት መጥተው ነበር፤ ያ «የሚፈልግ ሰው ስጡኝ» ያለው ሰውዬም አለ፤ ወፍራም፣ እጀታውን የጠቀለለ፣ ጥፍሩ ሥር ዘይት ያለበት ሰው። ሳምቡሳውን ሳቀርብለት «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀበለኝ። ሁለተኛውን ራሱ እጁን ዘርግቶ አነሳ። ደስ አለኝ፤ የኛ ሰው ቢሆን ሦስት ጊዜ በሞቴ ብዬ፣ አፈር ስሆን ብዬ ነበር የማጎርሰው።

ሰውዬው የተማሪዎቹን ሥራ ከጠረጴዛው ላይ እያነሳ አየ። የባለቤቴን ብረት አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ባለቤቴም የራሱን አውራ ጣት ሳያውቀው ያንቀሳቅስ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ቀጥ ብሎ መጣና እንዲህ አለው፤ «አንድ ቦታ አለኝ። የቀን ሺፍት ነው፣ ሰኞ ይጀምራል። ትፈልገዋለህ?»

የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዝኩ ወደ ባለቤቴ ተጠጋሁ።

ባለቤቴ ፈገግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጎንበስ አለ። «ኖ፣ ኖ፣ እኔ ይቆየኝ» አለው በእንግሊዝኛ፤ ወደ ጓደኛው እያሳየ፣ «እሱ ልጆች አሉት። መጀመሪያ ለሱ።»

ይህን እምቢታ እኔ አውቀዋለሁ። ማንም አበሻ ያውቀዋል። እምቢታ አይደለም፤ «ሲሰጡት ተስገብግቦ ወሰደ» እንዳይባል በር ላይ ጫማ እንደማራገፍ ያለ ነገር ነው። አሳድጎናል፤ ያለሱ ሰው ሰው አይመስለንም። ከጎኑ ነበርኩና ክርኑን ጎሸም አደረግኩት፤ «እሺ በል እንጂ!» አልኩት በአማርኛ፣ ጥርሴን ገጥሜ።

«ዝም በይ» አለኝ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ። «ይደግመዋል።»

ሰውዬው አልደገመም። ወደ ጓደኛው ዞረ። «እና አንተስ?»

ያም ደነገጠ። ታላቁ ቆሞ እንዴት ይቀበላል? «ኧረ በፍጹም! እሱ እያለ? እሱ ይቅደም፣ ከሱ ነው የተማርኩት» አለ። እኔ የማውቀው ይህ ሰው ዳይፐር መግዣ እስኪያጣ የተቸገረ ነው። ሰውዬው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ግራ ተጋባ። ከዚያ በደግነት፣ እምላለሁ በደግነት ነው፣ «እሺ፣ ማንንም ማስገደድ አልወድም። ተገዶ የመጣ ሰው በሳምንቱ ይተወኛል» አለ።

ይህን ጊዜ ከኋላ አንዲት ከኤልሳልቫዶር የመጣች ሴት እጇን አወጣች። «እኔ እፈልጋለሁ!» አለች፤ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማት። ሰውዬው ሳቀና ጨበጣት። ሁሉም አጨበጨበ። ባለቤቴም አጨበጨበ። ጓደኛውም አጨበጨበ። እኔ የሳምቡሳውን ትሪ ይዤ ስለነበር አላጨበጨብኩም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ጓደኛው ከኋላ «ጋሼ፣ ለምንድነው ግን ያልተቀበልከው?» አለ።

«አንተስ?»

ሁለቱም ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጓደኛውን ቤቱ አድርሰነው ስንቀር ባለቤቴ «ይደውላል» አለኝ። «ብረቱን አይቶታል እኮ። ይደውላል።»

ስልኩን መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት ይዞት ይገባ ጀመር። ሰኞ አለፈ። ሌላም ሰኞ አለፈ። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እዚያ ሆኜ ቲኬት እየተቀበልኩ በልቤ ያን ሰውዬ እለምነዋለሁ፤ አንዴ ብቻ ድገመው፣ ምን አለበት፣ አንዴ። በመጨረሻ አላስችለኝ ሲል አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ።

ጥሩ ሴት ናት። «አዝናለሁ፣ ሁለቱም ሥራውን ያልፈለጉት መስሎን ነበር» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ እስከቻለ አስረዳኋት። እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢ ለጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ለጋባዡ ክብር ነው፣ መልሱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው አልኳት። «ስንት ወር ከባለፋብሪካዎቹ ጋር ተቀምጠን የሚፈልጉትን ሁሉ ጽፈናል» አለች። «ማሽኑን ጠይቀናል፣ መለኪያውን ጠይቀናል። ይሄን የሚጠይቅ ሰው ከየት ይምጣ?» ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። የሱም አይደለም፣ የሷም አይደለም፣ የሰውዬውም አይደለም። ጥፋተኛ ቢኖር ኖሮ እሱን ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር።

እሷም ዝም አላለችም። ሰውዬው ጋ ደውላ ነገረችው፤ እሱም አዘነ፤ ግን ቦታው ተይዟል፣ ትዕዛዝም ቀንሶበታል፣ ሰው አይጨምርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ፓሳዴና ያለ አንድ ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል ብላ ላከቻቸው። የሚሠሩት የሆስፒታል መሣሪያ ነው፤ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ወረቀት። ለሃውቶርን የተሰፋ ልብስ ለፓሳዴና ጠበበ። ሁለቱ በር ላይ ቅደም ቅደም ሳይባባሉ ተመለሱ።

ሥራውን ያገኘችውን የኤልሳልቫዶሯን ሴት አንድ ቀን ዳውንታውን አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘኋት። አቀፈችኝ። ሥራው ደህና ነው፣ ልጄም የጤና ኢንሹራንስ አገኘች አለችኝ። «እነዚያ ጌቶች ግን ለምን እንዳልፈለጉት ገርሞኝ ነበር» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ልቅናባት አሰብኩና አቃተኝ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ብለን የተረትነው እኛ ነን፤ የሠራችበት እሷ።

ታክሲው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። አንድ ምሽት እራት አቀረብኩ፤ ሳይበላ እጁን እያሻሸ ተቀመጠ። «ትራክ ልሞክር» አለኝ። ቁርጡን ነግሬው ነበር፤ ሁለተኛ አልጠብቅም ብዬ ነበር። የዚያን ቀን ግን ያን ቃል መድገም አልቻልኩም። ተዋርዶ ነበር የተቀመጠው። «እስኪያልፍ ነው እንግዲህ» አልኩት። እሱም «እስኪያልፍ ነው» አለኝ። ጓደኛውን ይዞ ሄደ፤ አንድ ትራክ ተረክበው በየተራ ይነዳሉ። ማን ቀድሞ እንደሚተኛ ሲግደረደሩ ሁለቱም ሳይተኙ አሪዞና መግባታቸውን ነግሮኝ አስቆኛል፤ እንደዚያ ነው የጀመሩት።

የመጣ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። አዲስ አንሶላ አነጥፋለሁ፣ የሚወደውን እሠራለሁ። ቲቪ ከፍቶ ሳያየው ይቀመጣል። ከዚያ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ ሴቶቹ «ያንቺው የት ደረሰ?» ሲሉኝ የከተማ ስም እጠራለሁ።

አስተማሪዋ ግን አልረሳችኝም። አዲስ ተማሪዎች ስትቀበል ደወለችና «ለአንድ ሰዓት መጥተሽ ታናግሪያቸዋለሽ?» አለችኝ። ከፌርፋክስ የመጡ የኛ ሰዎች ብዙ ነበሩባቸው፤ ማስታወቂያውን ያየ ሁሉ ተከታትሎ ገብቷል፣ ያው ልማዳችን። እኔ ምን ልበላቸው? ቅዳሜ እረፍቴ ነውና ሄድኩ። ከፊታቸው ቆሜ ብርቱካን አወጣሁ። «ሥራ ነው ይሄ» አልኳቸው። «ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት ፊት ለፊት የተቀመጠችውን ሴትዮ።

«ኧረ ይቅርብኝ፣ ለልጆቹ ስጪ» አለች።

ብርቱካኑን ለሌላ ሰጠሁት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ግን ፊቷ ተቀየረ። «እንዲህ በቀላሉ ነው እንዴ የሚያልፈው?» አለችኝ። «እንዲህ በቀላሉ ነው» አልኳት። አንድ በአንድ አለማመድኳቸው። እሺ ማለት እንዲህ ይከብዳል? አንዳንዱ ፊቱ ይቀላል፣ አንዳንዱ ብርቱካኑን ይዞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ነውር አይደለም አልኳቸው፤ በኛ ቤት ነውር ነው፣ እዚህ ግን ሰውዬው የሚያየው የምትሉትን ነው። ያን ትምህርት ከዚያ ወዲህ በየዙሩ እየሄድኩ እሰጣለሁ። የገቡ አሉ። ሲገቡ ደስ ይለኛል፤ ደስ እያለኝም ይቆጨኛል፤ ለሰው የማስተምረው ባለቤቴ በኪሳራ የገዛውን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ አስተማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። ዓይኗ ያበራል። ያ ባለፋብሪካ ሰው ይፈልጋል። ትዕዛዝ በዝቶለታል። «ያን ብረት የሠራው ሰውዬ አሁን ይፈልግ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ እሱ ራሱ ነው» አለችኝ።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩለት። ኒው ሜክሲኮ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሟል። ነገርኩት።

«እኔን?» አለኝ።

«አንተን። የቀን ሺፍት ነው። እሺ በል።»

የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። «ለሌላ ሰው ይስጡት» አለኝ።

ሳቄ መጣ። አንደኛው ነው አልኩ በልቤ። «በሞቴ!»

«ኧረ ተይኝ። ትራኩን በቅርቡ ቀየሩልኝ እኮ። ከወንበሩ ኋላ ያለው አልጋ ሰፊ ነው።»

«አፈር ስሆን! ማታ ማታ ቤትህ ትገባለህ፣ አብረን እንበላለን። ስንት ጊዜ ነው የጠበቅኩህ?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ሦስተኛው ነው ብዬ፣ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው ብዬ። ሲናገር ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ እንዲህ የሚለሰልሰው ሲያዝንልኝ ነው።

«ስሚኝ፣ ለምጄዋለሁ እኮ» አለኝ። «ቤት ስመጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባነጠፍሽልኝ አልጋ ላይ ተጋድሜ መንገዱ ነው የሚታየኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ አልነገርኩሽም። ይቅርብኝ። የምሬን ነው።»

ሌላ የሚል መስሎኝ ጠበቅኩ። «ኦኬ? ልነሳ ነው» አለና ዘጋው።

አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «አይፈልግም» አልኳት።

ያስተማርኳት ትዝ አላትና ቀረብ ብላ እጄን ያዘችኝ። «ደግመን እንጠይቀው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «ተጠይቋል።»